የቅዱሳን ፊት በየትኛው ጨርቅ ላይ?

ናይሮቢ መሃል ከተማ፣ ሪቨር ሮድ ላይ የምሠራበት ማተሚያ ቤት ጥምቀት ሲቃረብ በሐበሻ ወጣቶች ይሞላል። ትዕዛዛቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ነጭ ቲሸርት፣ ደረቱ ላይ ምስለ ፍቁር ወልዳ (እመቤታችን ከልጇ ጋር)፣ ጀርባው ላይ የማኅበሩ ስም። ስለ ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት ጨርቁን አያለሁ።

ከጫፉ አንድ ክር መዝዤ በክብሪት እለኩሰዋለሁ። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ በጣት ሲነኩት የሚበን ግራጫ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ከሆነ ይኮማተርና ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ጠጣር እንክብል ይሆናል። «መቶ በመቶ ጥጥ» የሚል ምልክት የተሰፋበት ልብስ ሲቀልጥ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ዘዴው የሚመረጠው ከዚህ በኋላ ነው። ለፖሊስተር ሰብሊሜሽን አለ። ወረቀት ላይ የታተመው ቀለም በ200 ዲግሪ ገደማ ሙቀት፣ አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ተንኖ ክሩ ውስጥ ይገባል፤ ሲዳስሱት እጅ ላይ የሚሰማው ጨርቁ ብቻ ነው። ጥጥ ይህን ቀለም አይቀበልም፤ ቢታተምበትም እጥበት ይወስደዋል። ለጥጥ በቀጥታ የሚረጨው ዲቲጂ አለ። ሪአክቲቭ ቀለም ከጥጥ፣ አሲድ ቀለም ከሐር ጋር በእንፋሎት ይዋሐዳሉ፤ ለጥቂት ቲሸርት ግን ሥራው አያዋጣም። ደንበኛው የሚወደው ዲቲኤፍን ነው። ፊልም ላይ ታትሞ፣ የሙጫ ዱቄት ተነስንሶበት፣ በሂት ፕሬስ የትኛውም ጨርቅ ላይ ይለጠፋል። ደማቅ ነው፤ ጥቁር ጨርቅ ላይም ያምራል። ነገር ግን ከጨርቁ በላይ የተቀመጠ ቆዳ ነው፤ እጥበት ሲበዛበት ልብሱ በሚታጠፍበት በኩል ይሰነጠቃል። ደረት ላይ ደግሞ እጥፋቱ የሚያርፈው የእመቤታችን ፊት ላይ ነው።

የተሰነጠቀው የእመቤታችን ፊት ታዲያ ምንድን ነው? ሥዕለ አድኅኖ ነው ወይስ አሮጌ ልብስ? ወለል ይወለወልበታል? ጊኮምባ ሰልባጅ ተራ ይሄዳል? እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ነው።

አባቶቻችን ጨርቅን አልናቁም። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ያሉት ሥዕሎች ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ የተሣሉ ናቸው። በአፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን የሣለበት እንጨትም አስቀድሞ በነጭ ልስን ይለበጥ ነበር። ሥዕሉ የሚያርፍበት ገላ ይታሰብለት ነበር ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የእመቤታችን ሥዕል መጋረጃ አለው፤ ለጸሎት ይገለጣል፣ መልሶ ይሸፈናል። ቲሸርት መጋረጃ የለውም። በላብ ይርሳል፣ ማታቱ በሚባለው ሚኒባስ ውስጥ ይጋፋል፣ መጠጥ ቤት ይገባል። ከጃሚያ መስጊድ በኩል የሚመጡ ሙስሊም ደንበኞቼ በዚህ ይቀድሙናል። የአላህን ስም ይዞ መጸዳጃ ቤት መግባት ስለማይገባ፣ ጥቅስ የሚያሳትሙት ለሚሰቀል ጨርቅ ነው። ጥንቃቄያቸው ያስቀናኛል።

ሥዕል የሚከበረው በሥዕሉ ስለተገለጠው ቅዱስ ነው፤ እኔ ቀለም ጨምቄ የምሰጠው ክብር የለም። ሥዕሉ እንዴት እንደሚያረጅ ግን በእኔ ምርጫ ይወሰናል፤ የምመርጠውም እያወቅሁ ነው። ስለዚህ ፊት ያለበትን ሥዕል ለሚሰቀል ፖሊስተር፣ በሰብሊሜሽን እንዲሆን እመክራለሁ። ለጥጥ ቲሸርት መስቀልና ስም ይበቃል እላለሁ። መስቀልስ ቅዱስ አይደለም ወይ የሚለኝ አለ። ነው፤ ግን እናቶቻችን በነጠላ ጥለት ላይ ለብሰውት፣ አጥበውት ኖረዋል፤ ከድርና ማጉ ጋር አብሮ ያረጃል እንጂ ተልጦ አይወድቅም።

ከማኅበሩ አንዱ ልጅ በዚህ አልረካም። «ጋሼ፣ ሰማዕታት በአደባባይ መሰከሩ። እኛ በሰው አገር በደረታችን ብንመሰክር ምን ጥፋት አለው?» አለኝ። ቀላል ክርክር አይደለም። ልብሱ ሲያረጅ የት ይደርሳል አልኩት። «ቤቴ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ።» ሌሎቹም እንዲህ ይላሉ? ሄዶ ጠየቃቸው። ሲመለስ ትዕዛዙ ተለውጦ ነበር፤ ሥዕሉ ባነር ላይ፣ ቲሸርቱ ላይ የጥለት መስቀል። ለራሱ ግን አንድ ከነሥዕሉ ፈለገ። ሰብሊሜሽን ነጭ ቀለም የለውም፤ የዓይኗ ነጭ የሚገኘው ከጨርቁ ነውና ጥሩ ነጭ ፖሊስተር መርጠን አተምኩለት። እምቢ የምልበት ምክንያት አላገኘሁም።