የጥቁር ሕዝብ ድል ስንል

ልጆቼ፣ የዳባትና የደባርቅ ተማሪዎች፣ የካቲት 23 በመጣ ቁጥር አድዋ የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ድል መሆኑ ይነገራችኋል። እውነት ነው፤ አጥብቃችሁ ያዙት። በ1888 ድሉ ተገኘ፤ በዓመቱ የሄይቲው ቤኒቶ ሲልቫን አጼ ምኒልክን ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ አዲስ አበባ ደረሰ። ጣሊያን ዳግም ሊወርረን ሲሰናዳም ጥቁር አሜሪካዊው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን መጥቶ አየር ኃይላችንን መራ። ግን እነዚህ ሰዎች ከየት እንደመጡ ልብ በሉ። ሄይቲ ባሮች ተዋግተው ያቆሟት አገር ናት፤ ሮቢንሰንም የተወለደው ባርነት ከቀረ ብዙም ባልራቀበት ዘመን፣ ያንን ቀንበር ከተሸከመ ሕዝብ ነው። የእኛን ድል የራሳቸው ያደረጉት የተሸጡ ሰዎች ልጆች ናቸው። እንግዲህ «ጥቁር ሕዝብ» የሚለውን ቃል ለክብራችን ከወሰድነው፣ በእኛው ምድር የተሸጠውም ጥቁር የዚያው ሕዝብ አካል መሆኑን መቀበል አለብን።

ገበያው ሩቅ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዘመን ከደቡብና ከምዕራብ የተፈነገሉ ሰዎች፣ ሕፃናት ሳይቀሩ፣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይነዱ ነበር። በ1847 እዚሁ ስሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም የነገሡት አጼ ቴዎድሮስ የባሪያን ንግድ ከለከሉ፤ ክልከላው ግን አልጸናም። ኢትዮጵያ በ1916 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች። ባርነትን የሚያስቀረው ሕግ የተሟላው ግን ገና በነሐሴ 1934 ነው። ያ ዓመት ለእናንተ የተለየ ትርጉም ሊኖረው ይገባል፤ በመስከረሙ ከደባርቅ አጠገብ ወልከፊት ላይ መሽጎ የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን ሰጥቶ ነበርና። አንዱ ዓመት በአርበኞች ከበባ ጀምሮ ባሪያን ነጻ በሚያወጣ አዋጅ አለቀ። የመጀመሪያውን እንናገራለን፤ ሁለተኛውን ግን ማን ያስታውሳል?

«ይህን ማንሳት ለጠላት መሣሪያ ማቀበል ነው» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ከባዶ አልተነሣም፤ ፋሺስት ጣሊያን በጄኔቫ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት፣ የባርነታችንን ነገር ለወረራው ሰበብ አድርጎታል። ነገር ግን ወራሪው ያንን ነገር መጠቀም የቻለው እውነቱ ስለነበረ ነው፤ እኛ ብንተወው ነገ ሌላ ሰው እንደፈለገ አጣሞ ይተርከዋል። ሌሎች ደግሞ «የእኛ ባርነት እንደ አሜሪካው የጥጥ እርሻ አልነበረም» ይላሉ። አዎ፣ ይለያል፤ ብዙው ባሪያ በቤት ውስጥ ሥራና በጌታው ማሳ ያገለግል ነበር። ልዩነቱን ተማሩት፤ መማር ግን መሸፈን አይደለም። ለእናት ከእቅፏ የተነጠቀ ልጅ ጥጥ ለቀመ ወይስ ውሃ ቀዳ ምን ለውጥ አለው? ደግሞም ነገሩ ያለፈ ብቻ አይደለም። ስለ ጥቁር ሕዝብ ድል በምንዘምርበት አገር መልኩ የጠቆረ ሰው ዛሬም «ባሪያ» ተብሎ ይሰደባል። ስድቡ የመጣበትን ያልተማረ ልጅ ለምን እንደማይባል እንዴት ያውቃል?

ስለዚህ መምህራችሁን ጠይቁ፤ መጽሐፉ ባያነሳው እናንተ አንሡት። ስለ አድዋ ድርሰት ስትጽፉ ለመተማም አንድ ገጽ ስጡት። አያቶቻችሁን ስለ ወልከፊት ጠይቃችሁ ስትጨርሱም፣ በዚያ ዘመን ውሃ ይቀዳና እህል ይፈጭ የነበረው ማን እንደነበር፣ አዋጁ ሲመጣም የት እንደሄደ ጠይቋቸው።