አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ

ልጆቼ፣ በጅቡቲ ከተማ ተከራይታችሁም ሆነ ሠርታችሁ የምትኖሩ ሁሉ፣ ዛሬ የምመክራችሁ ስለ ሻወር ቤታችሁ ጠርዝ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ግን አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት የትንሹን ነገር ጣጣ አይተው ነው።

እዚህ ሐምሌ ገብቶ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ሰው በቀን ሁለት ሦስቴ ገላው ላይ ውሃ ያፈሳል። የሻወሩ ትሬይ ከግድግዳው ጋር የሚገጥምበት ሲሊኮን ሲያረጅ ይላቀቃል፤ ፀጉር በምታህል ስንጥቅም ውሃው ወደ ሶሌታው ይሰርጋል። የጅቡቲ የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ነው፣ ከባሕሩ የሚነፍሰውም አየር እንዲሁ። ጨው ፌሮውን ሲያገኘው ያዝገዋል። ዝገትም ከብረቱ የሰፋ ቦታ ይፈልጋልና እያበጠ ሲሚንቶውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። በታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ላይ እድፍ ሲታይ፣ ውሃው መንገዱን ካበጀ ሰንብቷል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እድፉን በቀለም አትሸፍኑት፤ ውሃው የት እንደሚያመልጥ ለዩ። ጠርዙን ሳታረጥቡ ውሃ በቀጥታ ወደ ፍሳሽ መውረጃው አፍስሱ። ታች ከተንጠባጠበ ጥፋቱ የመውረጃው ነውና የቧንቧ ሠራተኛ ጥሩ። ካልተንጠባጠበ ጠርዙን አርጥቡና ጠብቁ፤ ያን ጊዜ ከወረደ ጥፋቱ የጠርዙ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ በአሮጌው ላይ አዲስ ይደርባል። አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ! አዲስ ሲሊኮን አሮጌውን በደንብ አይዝም፤ ለሳምንታት ያማረ መስሎ ይቆይና ተገሽልጦ ይነሣል። አሮጌውን በካተር ቆርጣችሁ እስከ መጨረሻው አውጡት፣ ቅሪቱን ፋቁት፣ ሻጋታውን እጠቡት፣ ጠርዙን በአልኮል ወልውሉት። የባሕሩ ወበቅ የጠርዙን መድረቅ ያዘገየዋልና ማራገቢያ አብሩበት፤ ሌሊቱንም ይደር።

ትሬዩ ፕላስቲክ ከሆነ፣ ጠርዙን ሳታረጥቡ ውሃ ሙሉበት። ሰው ሲቆምበት ዝቅ ይላልና፣ ክፍተቱ በሰፋበት ሰዓት ካልተሞላ የመጀመሪያው ታጣቢ ሲሊኮኑን ይገነጥለዋል። ሻጋታ የሚከላከለውን የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ግዙ፤ እጃችሁን ሳታቋርጡ አውርዱት፣ የሳሙና ውሃ በነካ ጣትም አለስልሱት። የሞላችሁትን ውሃ ሲሊኮኑ እስኪደርቅ አትልቀቁት።

ከዚያ ወዲያ የቀረው መታገሥ ነው፤ ከባዱም እሱ ነው። በዚህ ሙቀት አንድ ቀን ሙሉ ሻወሩን ሳይነኩ መዋል ቀላል አይደለም። ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ሲሊኮኑ ከላይ ደርቆ ሲታይ ውስጡ ገና ጥሬ ነው፤ ያን ጊዜ ውሃ ከነካው የደከማችሁበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

በዚያች ቀን የታችኛውን ጎረቤት በር አንኳኩ። «ከእኛ ቤት ውሃ ወርዶባችኋል፣ እያበጀነው ነው» በሉት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል፤ በሰው አገር ደግሞ ጎረቤት ዘመድም ነው። ቀድሞ የመጣ ይቅርታ ጠብን ያስቀራል፤ ዝም ብሎ የተገኘ ሰው ግን ለማሳመን ብዙ ይደክማል።

ይህች ከተማ ውሃ የምታገኘው በብዙ ልፋት ነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአገራችን ከኢትዮጵያ ምድር፣ ከአዲጋላ ጉድጓዶች፣ በረጅም ቧንቧ ውሃ ይመጣላታል። በ2021 ደግሞ ዶራሌ ላይ የባሕር ውሃ ወደ ንጹሕ የሚለውጥ ጣቢያ ተመርቋል። እንዲህ ተለፍቶበት የመጣ ውሃ በቸልታችን የቤት ማፍረሻ ሊሆን አይገባም። በየዓመቱ ሙቀቱ ሳይገባ ጠርዙን በጣታችሁ ዳስሱት። የላላ ካገኛችሁ ለነገ አትበሉ።