ለጥቂት ሳምንታት ወታደር የነበረ ሰው ምን መናገር አለበት?

በአሜሪካ ለፖሊስነት የሚያመለክት ሰው ከሚሞላቸው ቅጾች መካከል የግል ታሪክ መግለጫው አንዱ ሲሆን፣ ከትምህርት፣ ከመኖሪያና ከቀድሞ ሥራ ባሻገር አመልካቹ በጦር ኃይል ውስጥ ማገልገል አለማገልገሉንና እንዴት እንደ ተሰናበተ ይጠይቃል። ለዓመታት ያገለገለ ሰው በዚህ ጥያቄ አይቸገርም፤ የሚቸገረው ቃለ መሐላ ፈጽሞ መሠረታዊ ሥልጠና ከጀመረ በኋላ፣ በሕመም ወይም የወታደር ቤት ኑሮ አልሆንለት ብሎ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ቤቱ የተመለሰው ነው። ይህ ሰው አገልግያለሁ ቢል የማይገባውን ክብር የወሰደ ይመስለዋል፤ አላገለገልኩም ቢል ደግሞ ያለፈበትን ይክዳል። ስለዚህ የቅጹ ጥያቄ ከሥሩ ሌላ ጥያቄ አለው፤ አንድ ክስተት ከሰው የሕይወት ታሪክ ውስጥ እንዲቆጠር ምን ያህል መርዘም አለበት፣ ይህንንስ የመወሰን ሥልጣን የማን ነው?

የአሜሪካ ጦር ኃይል ለረጅም ዘመን የመጀመሪያዎቹን 180 የአገልግሎት ቀናት የመግቢያ ደረጃ ብሎ ሲለይ ኖሯል። በዚህ ደረጃ ላይ የሚሰናበት ምልምል እንደ ወትሮው በክብር ወይም ያለ ክብር ተሰናበተ አይባልም፤ አገልግሎቱ ደረጃ ሳይሰጠው ይታለፋል፤ ምክንያቱም ሰውን በበጎም ሆነ በክፉ ለመመዘን ጊዜው አልበቃም። በዚህ አሠራር ውስጥ ትልቅ ማስተዋል አለ። መንግሥት ብይኑን ቢቆጥብም ክስተቱን ግን አልሰረዘም፤ የመግቢያውና የመውጫው ቀን፣ የስንብቱም ምክንያት በመዝገብ ላይ ይኖራል። የጊዜው ማጠር ነገሩ ምን ያህል ይከብዳል ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል እንጂ ነገሩ ተከስቷል ወይስ አልተከሰተም ለሚለው አይሰጥም፤ ብዙ አመልካቾች የሚሳሳቱትም ሁለቱን እንደ አንድ በመቁጠራቸው ነው።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ውሸት አይደለም የሚል ክርክር ይነሣል። የነገረ መለኮት ሊቁ አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ395 ገደማ ስለ ውሸት በጻፈው ድርሳን የውሸትን መለያ በልብና በንግግር መለያየት፣ ለማታለልም በማሰብ ላይ አኑሮታል፤ ፈላስፋው ካንትም ሰው የሚናገረው ሁሉ እውነት መሆን አለበት ቢልም እውነቱን ሁሉ የመናገር ግዴታ ግን አልጫነበትም። እውነትም ነው፤ ለጎረቤቱ ወይም ለሥራ ባልደረባው ያን የወጣትነት ወራት የማያነሣ ሰው ማንንም አልበደለም። ነገር ግን አመልካቹ ተጠይቆ፣ መልሱ የተሟላ መሆኑን በፊርማው ሲያረጋግጥ፣ ባዶ የተተወው መስመር ራሱ መልስ ይሆናል፤ አንባቢው ምንም አልነበረም ብሎ እንዲያምን ታስቦ የተተወ ነውና።

ይህ የተሟላ መልስ የመስጠት ግዴታ በፖሊስ ላይ የሚጠብቅበት የራሱ ምክንያት አለው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1963 በብሬዲ፣ በ1972 ደግሞ በጂሊዮ ጉዳይ በሰጣቸው ውሳኔዎች መሠረት ዐቃቤ ሕግ ለተከሳሹ የሚጠቅም ማስረጃን፣ የምስክሮቹን ተአማኒነት የሚያናጋውንም ጭምር፣ ለመከላከያው ወገን የመግለጽ ግዴታ አለበት። የፖሊስ ቃል የሰውን ነፃነት ለማሳጣት የሚበቃ በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ ዋሽቶ የተገኘ ፖሊስ ከዚያ በኋላ በሚመሰክርበት ችሎት ሁሉ ያ ውሸት ሊነሣበት ይችላል። የቀድሞ ወታደሮች ማኅደር በሴንት ሉዊስ በሚገኘው ብሔራዊ የመዛግብት ማዕከል ስለሚጠበቅ የተደበቀው አገልግሎት መገኘቱ ብዙም አያስቸግርም፤ በተገኘ ጊዜም የአመልካቹን ታሪክ የሚመረምረው አጣሪ የሚመዝነው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ድካምን ሳይሆን፣ ትናንት አውቆ የፈረመን አዋቂ ሰው ነው።

ይሁን እንጂ ግዴታውን በአመልካቹ ትከሻ ላይ ብቻ መጫን ግፍ ይሆናል። አጭር አገልግሎት ባየ ቁጥር ማመልከቻውን ወደ ጎን የሚጥል አጣሪ ተከታዩን አመልካች መደበቅ ያስተምረዋል፤ ጦር ኃይሉ ራሱ ሊፈርድበት ያልደፈረውን ሰው ሌላ መሥሪያ ቤት ከዚያው ክስተት ተነሥቶ ብቁ አይደለም ማለቱም ፍትሕ የለውም። ሕጉም ቢሆን የመናገርን ቅደም ተከተል ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ቀጣሪው በቅድመ ሁኔታ ላይ የተመሠረተ የቅጥር ግብዣ ከማቅረቡ በፊት የጤና ጥያቄ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ስለሆነም በሕመም የተሰናበተ ሰው ማገልገሉን ከመጀመሪያው ገጽ ላይ እየገለጸ የሕመሙን ዝርዝር ለጊዜው ማቆየት ይችላል።

አንድ ክስተት ከሰው ታሪክ እንዲቆጠር በፈቃድ መፈጸሙም ቢሆን መለያ ሆኖ አያገለግልም። የአሜሪካ የዜግነት ማመልከቻ በየትኛውም አገር ጦር ውስጥ ስለ መሆን ስለሚጠይቅ፣ በደርግ ዘመን ለብሔራዊ ውትድርና ተገድዶ ተወስዶ ብዙም ሳይቆይ የጠፋ ኢትዮጵያዊ እንኳ አዎን ብሎ መመለስና መገደዱን ማስረዳት ይኖርበታል፤ መገደዱ ከወቀሳ ያድነዋል እንጂ ታሪኩን የሌላ ሰው አያደርገውም።

በእርግጥ የሚያጠራጥሩ ጉዳዮች አሉ። ለምሳሌ በዘገየ መግቢያ የሚመዘገብ ወጣት ቃለ መሐላውን ከፈጸመ በኋላ የሥልጠናው ቀን እስኪደርስ ቤቱ ይቆያል፤ በዚህ መካከል ሐሳቡን ከለወጠ ንቁ አገልግሎት ስላልጀመረ አላገለገልኩም ማለቱ እውነት ነው። ቅጹ ተመዝግበህ ወይም አመልክተህ ታውቃለህ ወይ ካለ ግን የዚያው ሰው እውነተኛ መልስ አዎን ይሆናል። ጥርጣሬው ካልጠራለትም ለራሱ በሚመቸው በኩል ከመተርጎም ይልቅ አጣሪውን ቢጠይቅና የሆነውን ከነቀኑ በማብራሪያ መስጫው ላይ ቢያሰፍር፣ መናገሩን ፈጽሞ መመዘኑን ሥራው ለሆነው ሰው ይተዋል።