ያዘነ ሰው ስለ ምን ይዘፍናል

የወደዳት የተለየችው ሰው ዝም ማለት ሲገባው ስለ ምን ይዘፍናል? ቁስል የሚድነው ሳይነካኩት ሲቀር ነው፤ ባላገር ግን ኀዘኑን በየማታው እያነሣ ያንጐራጕራል። ይህ ራስን መጕዳት ነውን ወይስ መድኃኒት?

መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ የዘፈኑን አሠራር መመልከት ይገባል። በእንጅባራና በዳንግላ፥ በጠቅላላውም በአዊ አገር ፈረስ የቤት ክብር ነው፤ የመሰንቆም አውታር የሚገመደው ከፈረስ ጭራ ነው። አንዲት አውታር ብቻ ያለችው መሣሪያ ብዙ ሊናገር አይችልምና ቃሉን ለሰው ይተዋል። ቃሉም ልቅ አይደለም። በአማርኛ ግጥም የሚዘወተረው ስልት ስንኙ ስድስት ስድስት ሆኖ ለሁለት የሚከፈል፥ 12 ቀለም ያለው ነው፤ ስሙም የወል ቤት ይባላል። ስሙ ለዚሁ ጉዳይ የወጣ ይመስላል፤ የአንድ ሰው ጕዳት ከዚህ ቤት ሲገባ የወል ይሆናልና።

ሰቆቃወ ኤርምያስን የመረመረ ሰው በዚህ አይደነቅም። በዕብራይስጡ 1ኛው፥ 2ኛውና 4ኛው ምዕራፍ በ22ቱ ፊደላት ተራ የሚሄዱ ናቸው፤ 3ኛው ግን በየፊደሉ ሦስት ሦስት ሆኖ 66 ቍጥር አለው። ከተማይቱ ስትጠፋ ያየ ሰው ፊደል ቈጥሮ አለቀሰ። ልቅሶው ስለ ተቈጠረ አላነሰም፤ ዳሩ ግን መጀመሪያና መጨረሻ አገኘ።

የጠጅ ቤት ልማድ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያስረዳል። ልቡ የተሰበረው ሰው ራሱ አይዘፍንም፤ ሁለት ስንኝ አሰናኝቶ ለአዝማሪው ይሰጠዋል፥ አዝማሪውም ተቀብሎ በሰው ፊት ያዜመዋል። በዚያች ሰዓት ሰውዬው የገዛ ጕዳቱን ከሌላ ሰው አፍ ይሰማል። ግጥሙ ሰምና ወርቅ ያለው እንደ ሆነ ወርቁን የሚያውቁት እርሱና ምናልባት እርስዋ ናቸው፤ የቀሩት በሰሙ ይሥቃሉ። ከጎኑ የተቀመጠውም የራሱን አስታውሶ ሌላ ስንኝ ይጨምራል።

ሴቶች ይህ ጉባኤ አልነበራቸውም። የሞተር ወፍጮ ሳይመጣ፥ ያልወደደችውን ያገባች ልጅ የምታንጐራጕረው ለወፍጮና ለመጁ ነበር፤ የድንጋዩም ድምፅ ቃልዋን ከአማትዋ ጆሮ ይሰውርላት ነበር። ይህ ኀዘን ከሁሉ የከበደ ነው፤ ተቀብሎ የሚያዜምለት የለምና።

ከታወቁት አራት ቅኝቶች አንዱ ትዝታ መባሉም እንዲያው አይደለም። ዘፋኙ ትዝታን እንደ ሰው ቈጥሮ አንዴ ይጠራታል፥ አንዴ ያሰናብታታል። የሄደችውን ተመለሽ ማለት ትቶ ከትዝታዋ ጋራ መነጋገር ሲጀምር መዳን ጀምሯል።

ነገር ግን ሰሙን ጥሎ የሴቲቱን ስም በግልጥ የሚያወጣ ግጥም አለ። ይህ ቁስሉን ወደ እርስዋ ማዛወር እንጂ መዳን አይደለም። አዝማሪው በማግስቱ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፤ ቅቤዋን ይዛ ዳንግላ ገበያ የምትወጣው እርስዋ ናት። ግጥሙንም እረኞች ከያዙት በኋላ ሰውዬው ቢጸጸት እንኳ ሊመልሰው አይችልም።