ዳኛው ዝም ሲል ሐኪሙ ሲናገር

ሕግ ስሙን ያላነሣው ሰው ነፃ ነው ሊባል ይቻላልን? በመዝገብና በስም ዝርዝር ለምንኖር ለእኛ ጥያቄው እንግዳ አይደለም። ዛሬ የምናነሣው ግን ሴት ሴትን ስታፈቅር ዳኞችና ሐኪሞች ስላሉት ነገር ነው። ርእሱን ሲያይ ወረቀቱን የሚያጥፍ ይኖራል፤ ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን።

በ1810 (በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ነው) በስኮትላንድ፣ በኤዲንበርግ ከተማ፣ ሜሪያን ውድስና ጄን ፒሪ የተባሉ ሁለት መምህራት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ነበራቸው። አንዲት ተማሪ ሌሊት በአንድ አልጋ ላይ ነውር ሲሠሩ ደረስኩባቸው ብላ ለአያቷ ነገረች፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ልጆቹ ሁሉ ከትምህርት ቤቱ ወጡ። መምህራቱ በስም ማጥፋት ከሰሱ። ከዳኞቹ አንዳንዶቹ እንዲህ ያለ ነገር በብሪታንያ ሴቶች ዘንድ ሊኖር አይችልም አሉ። የተማሪዋ እናት ሕንዳዊት ስለነበረች፣ ልጅቷ ወሬውን ከዚያ ይዛው መጥታ ይሆናል ተባለ። ሴቶቹ ረቱ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ዳግመኛ አልተከፈተም።

ስኮትላንዳዊው ከሕንድ መጣ ሲል፣ በአገራችን ደግሞ ከፈረንጅ መጣ ይባላል። መጤ መባል ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያሻም።

የእንግሊዝ ሕግ ወንዶቹን ሲቀጣ ሴቶቹን አያነሣም ነበር። በ1921 የሕዝብ እንደራሴዎች ሴቶችንም የሚጨምር አንቀጽ አሳለፉ፤ የሎርዶች ምክር ቤት ጣለው። ርኅራኄ እንዳይመስለን። ሎርድ ዴዛርትና ሎርድ በርከንሄድ ያሉት፣ አብዛኞቹ ሴቶች ነገሩን ሰምተውት አያውቁም፤ ብንከለክለው እናስተምራቸዋለን ነው።

ሐኪሞች ግን አወሩ። የበርሊኑ ካርል ዌስትፋል በ1869 ገደማ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ሴቶችን ስለምታፈቅር አንዲት ሴት ጽፎ፣ አብሯት የተወለደ ሕመም ነው አለ። ከወኅኒ ሆስፒታል ይሻላል ያሉ ነበሩ፤ እኛ ግማሽ ምሕረት እንለዋለን። ፍሮይድ በ1920፣ አባቷ አድንልኝ ብሎ ያመጣትን የ18 ዓመት ልጅ መርምሮ፣ አልታመመችም ሲል ጻፈ። ይህ እስኪሰማ ዘመን አለፈ፤ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1973፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1990 ከበሽታ ዝርዝር ሰረዙት።

የኢትዮጵያ ሕግ ግን፣ በእኛ አቆጣጠር የ1949ኙ በአንቀጽ 600፣ የ1996ቱም በአንቀጽ 629፣ ወንድና ሴት ሳይለይ ይቀጣል። በዚህ ምክንያት አገሯን ጥላ የወጣች ሴት ጥገኝነት ልታገኝ እንደምትችል የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር በ2012 ባወጣው መመሪያ ተጽፏል። ለዚያ ግን በቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ራሷ በአፏ መናገር አለባት፤ አስተርጓሚው ደግሞ የአገሯ ሰው ነው፣ ማታ ወደ ሰፈሯ ይመለሳል።