ሕዋስ ይሠዋልን?



አራት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢና የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀራርበው ይገኛሉ። በአንደኛው ተማሪዎች ሕዋስን በማይክሮስኮፕ ያያሉ፤ በሌላው ቅዱስ ጳውሎስ ስለ አንድ አካልና ስለ ብዙ ብልቶች የጻፈው ይነበባል። (ሕዋስ ስል አምስቱን የስሜት ሕዋሳት ሳይሆን ፈረንጆች «ሴል» የሚሉትን ነው።)

ቀይ የደም ሕዋስን እንመልከት። በአጥንት መቅኔ ውስጥ አድጎ ሲበስል ኒውክሊየሱን፣ ማለትም የዘር ትእዛዙ የተጻፈበትን ማኅደር፣ አውጥቶ ይጥላል፤ ቦታውንም ኦክሲጅን ለሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይለቃል። ከዚያ ወዲያ ሊራባ አይችልም። 120 ቀን ያህል ለሌሎች ሕዋሳት ኦክሲጅን ሲያመላልስ ኖሮ ይፈርሳል፤ ብረቱ እንኳ ለአዲስ ሕዋስ መሥሪያ ይውላል።

ታዲያ ይህ መሥዋዕትነት ነውን? «እንደ እርሱ ሁኑ» ብሎ መስበክ ቀላል ነው። እኔ ግን እፈራለሁ። ሕዋሱ አልመረጠም፤ እንቢ ማለትም አይችልም። ነቀርሳ የሆነውም ሕዋስ አልሞት ብሎ ያለ ልክ ሲባዛ ኃጢአት ሠራ አይባልም። ሰውን እንደ ሕዋስ የቆጠረ ግን ምን እንደሚያደርግ ይህች ከተማ አይታለች፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ስንቱ ወጣት በአብዮት ስም ተገደለ! ማንስ ፈቃዱን ጠየቀው?

ፒያሳ ላይ በስሙ ካቴድራል የታነጸለት ቅዱስ ጊዮርጊስ ግን ክዶ ሊተርፍ ይችል ነበር። ተጠየቀ፤ መለሰም።