በሰው ሌማት ቸርነት

«ደመወዝ» የሚለውን ቃል «ደም» እና «ወዝ» ብለው የሚፈቱት አሉ። ሰው ደሙንና ወዙን ከፍሎ የሚያገኘው ነው ለማለት ነው። እኔም ብዙ ዓመት የመንግሥት ደመወዝ የበላሁ ነኝና ይህን ፍቺ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ደሙም ወዙም የእኔ ይመስለኝ ነበራ! አንድ የስናን ገበሬ ግን ይህን ደስታዬን አበላሸብኝ። የእርሱን ነገር ከመናገሬ በፊት እስቲ ክርክሩን ላስታውሳችሁ።

ክርክሩ የቆየ ነው። አንደኛው ወገን «የመንግሥት ሠራተኛ በዝቷል፤ ይቀነስ» ይላል። ሌላው ደግሞ «የተቀነሰው ሰው ምን ይብላ?» ይላል። በደርግ ዘመን ከኮሌጅ የወጣ ሁሉ በመንግሥት ይመደብ ነበር። በ1985 ዓ.ም. የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲያሻቅብ፣ በዚያው የኢኮኖሚ ማስተካከያ ዘመን ምደባውም ቀረ፤ «ተቀናሽ» የሚለውም ቃል የሰው መጠሪያ ሆነ። በ2000 እና በ2001 ዓ.ም. አካባቢ ቢፒአር መጣና ሠራተኛው ተቀምጦበት ለነበረው ወንበር እንደገና ተወዳደረ። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሠራተኞቹንና ኃላፊዎቹን ለፈተና ሲያስቀምጥ ብዙዎቹ ማለፊያ ነጥብ አጡ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ፤ ቁጠባ የሚለው ወሬም አብሮ ተመለሰ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ዐዋጅ ቁጥር 1353 ወጣ።

የደብረ ማርቆስ ሰው ይህን ክርክር እንደ ሌላው ሰው አይሰማውም። ከተማችን ራሷ ተቀናሽ ናታ! መንቆረር ትባል ከነበረበት ዘመን ጀምሮ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መቀመጫ፣ ኋላም የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የክልሉ መቀመጫ ባሕር ዳር ሲሆን ለእኛ የዞን ቢሮዎች ተረፉን። ዩኒቨርሲቲው ሥራ የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። እስከዚያው ከተማዋን ያቆማት በአብዛኛው የወር ደመወዝ ነው። እንጀራ ሻጯ፣ ቤት አከራዩ፣ ልብስ ሰፊው፣ ባለ ሱቁ ሁሉ ዱቤውን የሚያወራርደው ደመወዝ ሲወጣ ነው። አንድ ጸሐፊ ሲቀነስ ከኋላው ስንት ቤት እንደሚንገዳገድ ለማወቅ እኛ ዘንድ ጥናት አያስፈልግም።

እንግዲህ ወደ ራሴ ነገር ልምጣ። በቢፒአሩ ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት የምደባ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ለመዝገብ ቤቱ አንድ ቦታ ሁለት ሰዎች ቀረቡ። አንዱ የአምስት ልጆች አባት፣ የዕድራችን ሰው፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ግን ወንበሩ ላይ ከኮቱ በቀር የማይገኝ። ሁለተኛዋ ከወደ ቢቸና የመጣች ወጣት ናት። ሥራዋን ታውቃለች፣ ሰዓት ታከብራለች፣ በከተማው ግን የሚያውቃት የለም። ነጥቡ የትምህርት ዝግጅት፣ የሥራ ልምድ እያለ ወርዶ ወርዶ «ሥነ ምግባር» የሚል ሣጥን ላይ ይደርሳል። እዚያ ላይ የሚሞላው ቁጥር በእኛ እጅ ነበር። አምስቱ ልጆች ፊቴ ድቅን አሉ። ለእርሱ ጨመርኩ። እርሱ ተመደበ፤ እርሷ ቀረች። ማታ ቤቴ ስገባ አንድ ቤተሰብ ከመበተን ያዳንኩ መስሎኝ ሰላማዊ እንቅልፍ ተኛሁ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ አንድ ሽማግሌ ባናቸውን ተከናንበው በቢሮው ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከጮቄ ሥር፣ ከስናን ነው የመጡት። የመሬት ጉዳይ ነው። ፋይላቸው መዝገብ ቤት ገብቶ መዝገብ ቤቱ ግን ዝግ ነው።

«ሦስተኛዬ ነው ልጄ» አሉኝ። «ዛሬም ሰውዬው የለም አሉኝ።»

ማታ የት እንዳደሩ ብጠይቃቸው ለአልጋ ከፍለው ነው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንደው ለማወቅ ያህል፣ ሰውዬው ባይኖርም ደመወዙ ይወጣል?» አሉኝ።

«ይወጣል አባቴ» አልኳቸው።

«ልጆች አሉት?»

«አምስት አሉት።»

«እንዲያ ከሆነስ ስጥ ብትሉኝ እሰጠው ነበር። እህል እኮ አለኝ» አሉ። «ወረቀቴን ግን ለምን ይዞ ያስቀርብኛል?»

መልስ አልነበረኝም። ቸር የሆንኩት በሰው ሌማት ነው። እኔ የተመሰገንኩበትን እርሳቸው በአልጋ ኪራይ፣ በእግር መንገድ፣ በባከነ የእርሻ ቀን ከፈሉ። ምጽዋት የሚባለው ሰጪው አውቆ የሚሰጠው ነው። ባለቤቱ ሳያውቅ ከጎተራው ተዝቆ የሚሰጥ እህል ሌላ ስም አለው።

የጎጃም ገበሬ ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት ጠይቆታል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲወጣ ሞጣና ቢቸና፣ ዳሞትም ጭምር አመፁ። ዋናው ሥጋታቸው ርስታችን ሊለካና ሊነጠቅ ነው የሚል ነበር። ግን ለማን ነው የምንከፍለው፣ ምንስ አገኘንበት የሚል ቅሬታም ነበረበት። ጦር ዘመተባቸው። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ የቆየ ውዝፍ ግብርም ተማረ።

«እንግዲያው ይቀነስ ማለትህ ነው?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ቸኩላችሁ አትፍረዱብኝ። የሽማግሌውን ቃል ለቀናሹ እንደ መጥረቢያ ላቀብለው አልፈልግም። ያቺን የቢቸና ልጅ እኮ የቀነሳት ቅነሳው ነው! ሥራ የማይሠራው ተርፎ የምትሠራው የሄደችው ሚዛኑ የተያዘው በእኔ ዓይነቱ ሰው እጅ ስለነበረ ነው። ፈተናም ቢሆን ነጥብም ቢሆን ኮምፒዩተርም ቢሆን፣ ከኋላው ዘመድ የሚያይ ዓይን ካለ፣ መጀመሪያ የሚቀነሰው ዘመድ የሌለው ነው።

ደግሞም ቢሮ የሚያስፈልገው ለሠራተኛው ብቻ አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ በጦርነቱ ሳቢያ በብዙ የገጠር ወረዳዎች ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ የመንግሥት ሥራ ተቋርጦ አይተናል። ያን ጊዜ «መምህር በዝቷል» ያለ ገበሬ አልሰማሁም። ልጆቹን ይዞ ቁጭ ያለ አባት መሥሪያ ቤት ምን እንደሆነ ከማናችንም በላይ ያውቃል። ሽማግሌውም ቢሆኑ «መዝገብ ቤቱ ይፍረስ» አላሉም። ይከፈት ነው ያሉት።

ስለዚህ እኔ «ስንት ሰው ይቀነስ?» ከሚለው በፊት «ከደጃፍ የተቀመጠው ሰው ጉዳዩ በስንተኛው ቀን አለቀ?» የሚለው ይጠየቅ እላለሁ። ቁጠባም ካስፈለገ ከላይ ይጀመር፤ ከስብሰባው፣ ከውሎ አበሉ፣ ከመኪናው። የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ደመወዝ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ቁጠባ መሆን የለበትም። ሰው የግድ የሚቀነስ ከሆነም ምክንያቱ ፊት ለፊት ይነገረው፣ ይግባኝ ይባልለት፣ ሌላ ሥራ እስኪይዝ የሚቆይበት ይሰጠው። የአምስቱ ልጆች ነገር እውነት ነው፤ መረዳትም አለባቸው። የሚረዱት ግን እንደ ችግረኛ ልጆች በግልጽ ይሁን፤ የሽማግሌውን ወረቀት በማስያዝ አይሁን።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ጻድቅ ሆኜ አይደለም። ያን ጊዜ ኮሚቴው ፊት ቀርቤ «ተሳስቻለሁ፣ ነጥቡ ይታረም» አላልኩም። ከዕድሩ ሰው ጋር መጋጨቱን ፈራሁ። ለሽማግሌው ግን ቁልፍ አስፈልጌ በዚያው ቀን ፋይላቸውን አወጣሁላቸው፤ መርቀውኝ ሄዱ። ምርቃቱ እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ልጅቷ ወደ ባሕር ዳር ሄደች ሲሉ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን ባገኛት ነጥቡን የጨመርኩት እኔ መሆኔን እነግራታለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። እስካሁን አልፈለግኋትም።